ጊዮርጊስ፣ ዮርጎስ፣ ጆርጅ፣ ዩርገን፦ ስለ አንድ የግሪክ ስም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአያቴ ስም ወልደ ጊዮርጊስ ስለሆነ ይሁን ወይ ኳስ እያየሁ የተጫዋች ስም ከየት መጣ ብሎ መፈለግ ስለምወድ እንጃ፣ ብቻ ይሄ ስም ከተነሳ ዝም ማለት አልችልም። ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፣ አንዳንዱ መልስ ይረዝማል፣ ቻሉት።

ጊዮርጊስ በግሪክኛ ምን ማለት ነው?

ገበሬ። አዎ፣ በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ገበሬ። "ጌ" መሬት ነው፣ "ኤርጎን" ደግሞ ሥራ፣ ሁለቱ ሲጋጠሙ "ጌኦርጎስ" ይሆናል፣ መሬት የሚሠራ፣ አራሽ ማለት ነው፣ ከሱ ነው "ጌኦርጊዮስ" የሚባለው የሰው ስም የወጣው። "ጌ" የምትለዋን ሳታውቁት ስትጠሯት ነው የኖራችሁት፣ ጂኦግራፊ ውስጥ አለች፣ ጂኦሜትሪ ውስጥ አለች (መሬት መለካት ነበር መጀመሪያ)፣ ጂኦሎጂም ውስጥ እንደዛው። "ኤርጎን" ደግሞ ኢነርጂ ውስጥ ተደብቋል፣ ሰርጀሪ ውስጥም አለ፣ እሱ የእጅ ሥራ ማለት ነው በመነሻው። የጥንት አቴናውያን ትልቁን አምላካቸውን ዜውስን ራሱን እርሻ ጠባቂ ሲያደርጉት "ዜውስ ጌኦርጎስ" ይሉት ነበር፣ ስለዚህ ቃሉ ክርስትና ከመምጣቱ በፊትም ክብር ነበረው።

እኛ ጋ ግን "ኮከብ ብሩህ" ማለት ነው ሲባል ነው የሰማሁት፣ የቱ ነው ትክክል?

ይሄን ጥያቄ ሰንበት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ ነው የሚጠይቀኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው ግን የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። "ኮከብ ብሩህ"፣ "ብእሲ ኅሩይ"፣ "ፀሐየ ልዳ" የሚሉት እኛ ቤተክርስቲያን ሰማዕቱን የምታወድስበት ነው፣ ሰውየው ማን ነው ለሚለው መልስ ነው። ቃሉ ከየት ተገኘ ለሚለው ደግሞ መልሱ ግሪክኛው ነው፣ ገበሬ። አንድ ሰው ስሙ "በላይ" ሆኖ መንደሩ "አንበሳው" ቢለው በላይ ማለት አንበሳ ማለት ነው አንልም አይደል። እንደውም ለኔ ገበሬ መሆኑ ስሙን ያሳንሰዋል የሚሉ ሰዎች አይገቡኝም፣ አገሩ ሁሉ በገበሬ እጅ እየበላ።

ገበሬ ከሆነ ፈረስና ጦሩ ከየት መጣ?

ስሙ የገበሬ ነው፣ ሰውየው ግን በትውፊቱ ወታደር ነው። አባቱ የቀጰዶቅያ ሰው (የዛሬዋ ቱርክ መሐል አካባቢ)፣ እናቱ የልዳ ሰው፣ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን በፈረንጅ 303 አካባቢ ሰማዕት ሆነ ይባላል። ስሙን ዓለም ላይ የበተነው እሱ ነው እንጂ እርሻ አይደለም። ከዛ በፊት ስሙ እምብዛም የሚወጣ አልነበረም፣ ከሱ በኋላ ግን ከአየርላንድ እስከ ህንድ ደረሰ።

ልዳ የምንላት ዛሬ እስራኤል ውስጥ ሎድ የምትባለው ከተማ ናት፣ ቤን ጉሪዮን ኤርፖርት አጠገብ፣ የኛም ቤተ እስራኤሎች የሚኖሩባት። መቃብሩ አለበት የሚባለው ቤተክርስቲያን እዛው ነው። ኅዳር 7 የምናከብረው ቅዳሴ ቤቱ የዚሁ የልዳው ቤተክርስቲያን ነው፣ የኢየሩሳሌም ግሪኮችም ይሄንኑ በዓል በድሮው ካላንደር ኖቬምበር 3 ያከብሩታል፣ ብታሰሉት እዛው ቀን ላይ ነው የሚያርፈው፣ ሁለቱም በፈረንጅ ኖቬምበር 16። እኔ ይሄን ያገኘሁ ቀን ካላንደር ይዤ ሦስቴ ነው የቆጠርኩት።

ግሪኮቹ ራሳቸው እንዴት ነው የሚጠሩት? ጊዮርጊስ ይላሉ እንዴ?

አይሉም። በመታወቂያና በቤተክርስቲያን ሙሉው "ዬኦርዪዮስ" ነው፣ ምክንያቱም በዛሬው ግሪክኛ "ገ" ከ"ኤ" እና ከ"ኢ" ፊት ስትመጣ እንደ "የ" ነው የምትባለው። በሰፈር ግን "ዮርጎስ" ነው። ልጅ ከሆነ ወይ ሲያቆላምጡት "ዮርጋኪስ"፣ ትንሹ ዮርጎስ እንደማለት። ገጠር ውስጥ "ዮርዪስ" የሚሉም አሉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ግሪክ የሥራ ባልደረባ ካላችሁ "ዮርጎስ!" ብላችሁ አትጥሩት። ስለሱ ስታወሩ ዮርጎስ ነው፣ ፊት ለፊት ስትጠሩት ግን መጨረሻዋ "ስ" ትወድቃለች፣ "ዮርጎ!" ነው የሚባለው። እኔ ወራት ሙሉ በስህተት ስጠራው የነበረ ባልደረባዬ አንድም ቀን አላረመኝም፣ በኋላ ሌላ ግሪክ ሰምቶኝ ሳቀ፣ እሱም ለካ ጨዋ ሆኖ ነው ዝም ያለው።

ለምንድነው ግሪክ ውስጥ እንዲህ የበዛው?

ግሪክ ውስጥ በጣም ከተለመዱት የወንድ ስሞች አንዱ ነው፣ አንድ ምክንያቱ ቅዱሱ መወደዱ ነው፣ አቴንስ መሐል ሊካቪቶስ የሚባለው ኮረብታ ጫፍ ላይ ያለችው ነጭ ቤተክርስቲያን ራሷ የጊዮርጊስ ናት። ዋናው ግን የስም አወጣጡ ልማድ ይመስለኛል። በልማዱ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ነው የሚወስደው። እኛ የአያትን ስም በሦስተኛ ደረጃ ከኋላ እናስከትላለን፣ እነሱ ደግሞ አያትየውን መልሰው ከፊት ያመጡታል፣ ስለዚህ አያት ዮርጎስ፣ አባት ኒኮስ፣ ልጅ ዮርጎስ፣ የልጅ ልጅ ኒኮስ እያለ ይቀጥላል። አንድ አያት አራት ወንድ ልጅ ካለው ደግሞ አራት የልጅ ልጆች አንድ ዓይነት ስምና የቤተሰብ ስም ይዘው አንድ ሰፈር ሊያድጉ ይችላሉ፣ ረጅሙ ዮርጎስ፣ ቀዩ ዮርጎስ እየተባሉ።

ፖለቲካቸው ውስጥ ሳይቀር ታዩታላችሁ። ጊዮርጎስ ፓፓንድሬው የሚባል ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ እስከ 1965 ድረስ እየወረደ እየተመለሰ ያስተዳደረ፣ ልጁ አንድሬያስም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፣ የአንድሬያስ ልጅ ደግሞ በ2009 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ያ የዕዳ ቀውስ የፈነዳበት ሰውዬ ነው፣ ስሙ? ጊዮርጎስ ፓፓንድሬው። ዜና ላይ ሳይምታታ አይቀርም።

የቤተሰብ ስሞቹም ከዚሁ ተወልደዋል። ዬኦርዩ (የጊዮርጊስ እንደማለት፣ ቆጵሮስ ውስጥ ሞልቷል)፣ ፓፓዬኦርዩ (የቄስ ጊዮርጊስ ዘር)፣ ዬኦርያዲስ፣ ዬኦርጎፑሎስ፣ ሁሉም የዚችው ስም ልጆች ናቸው። ዘፋኙ ጆርጅ ማይክልም ሲወለድ ዬኦርዪዮስ ኪርያኮስ ፓናዮቱ ነበር የተባለው፣ አባቱ የቆጵሮስ ግሪክ ነው።

በዚህ ስም የሚታወቅ የግሪክ ጀግና አለ?

ካራይስካኪስ። ዮርጎስ ካራይስካኪስ ግሪኮች ከኦቶማን ቱርክ ነፃ ለመውጣት ሲዋጉ ከነበሩት የጦር መሪዎች ስሙ የገነነ ነው፣ ተመትቶ የሞተው በ1827 ኤፕሪል 23 ነው፣ ያ ቀን ደግሞ በግሪክ የጊዮርጊስ በዓል ነው፣ የስሙ ቀን ማለት ነው። የኦሊምፒያኮስ ስታዲየም ፒሬያስ ያለው በሱ ስም ነው የሚጠራው። ከሥነ ጽሑፍ ሰው ደግሞ ገጣሚው ዮርጎስ ሴፌሪስ አለ፣ በ1963 ኖቤል የወሰደ የመጀመሪያው ግሪካዊ።

ንጉሥ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ የሚባለው ግን ግሪክ አልነበረም፣ የዴንማርክ ልዑል ነበር፣ በ1863 ግሪኮች ንጉሥ ሲያደርጉት ቪልሄልም የሚለውን ትቶ ከስሞቹ መሐል ለሕዝቡ የሚቀርበውን መረጠ። እንግሊዞቹም ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል፣ ጆርጅ ስድስተኛ ስሙ አልበርት ነበር። ይሄ ስም ለንግሥና ይመቻል መሰለኝ፣ ያውም ትርጉሙ ገበሬ ሆኖ።

ጊዮርጊስ፣ ጆርጅ፣ ሆርሄ፣ ዩርገን፣ እነዚህ እንዴት አንድ ስም ይሆናሉ?

ጣጣው "ገ" ናት። ስሙ ውስጥ ሁለት "ገ" አለች፣ አገሩ ሁሉ ደግሞ "ገ"ን ከ"ኤ" እና ከ"ኢ" ፊት ሲያገኛት እንደየአፉ ያጎብጣታል። ላቲን "ጌኦርጊዩስ" ብሎ ተቀበለው፣ ከላቲን የተወለዱት ቋንቋዎች ደግሞ "ገ"ዋን ወደ "ጀ" እና "ዠ" ወሰዷት፣ ጣልያን ጆርጆ፣ ፈረንሳይ ዦርዥ፣ ፖርቹጋልም ዦርዥ፣ እንግሊዝ ከፈረንሳይ ተቀብሎ ጆርጅ። ስፔን ደግሞ "ዠ" ትል የነበረችው ጉሮሮዋ ውስጥ ገብታ "ኸ" ሆነችባት፣ በዛ ሆርሄ አለች። ሟቹ ፖፕ ፍራንሲስ ሆርሄ ማሪዮ ቤርጎሊዮ የተባሉት ለዛ ነው፣ ቤተሰባቸው ጣልያን ሆኖ ስማቸው ጆርጆ ያልሆነው ቦነስ አይረስ ስለተወለዱ ነው።

ካታላኖች ጆርዲ ይላሉ፣ ጋሊሲያ ሹርሾ፣ ባስክ ጎርካ፣ ሦስቱም አንድ ስፔን ውስጥ ነው ያሉት ይታያችሁ።

ጀርመን ሁለት መንገድ ነው የሄደው፣ በመጽሐፉ "ጌኦርግ" ብሎ አስቀምጦ በሰፈሩ "የርግ" እና "ዩርገን" አለው፣ ዴንማርክ "የርገን"፣ ስዊድን "ዮራን"። ፖላንድ "ዬዢ"፣ ቼክ "ዪርዢ" (የመጨረሻዋ ድምፅ ለኛም ለማንም አትመችም)፣ ሰርብ "ጆርጄ"፣ ቡልጋሪያ "ጌኦርጊ"፣ ሮማንያ "ጊዮርጌ"፣ አልባንያ "ጄርጅ"። ፊንላንድ "ኡርዮ" ብላዋለች፣ ችግሩ በፊንላንድ የጎረምሳ ቋንቋ ይሄው ቃል ትውከት ማለትም ሆኗል፣ ስለዚህ ፊንላንድ ውስጥ ስሙን የያዙ ሰዎች ትንሽ እዘንላቸው።

የአልባንያው ጀግና ስካንደርቤግ ስሙ ጄርጅ ካስትሪዮቲ ነው፣ "ስካንደር" የሚለው ቱርኮች ያወጡለት እስክንድር ነው፣ እስክንድር ራሱ አሌክሳንድሮስ ስለሆነ ሰውየው ሁለት የግሪክ ስም ይዞ አልባንያዊ ሆኖ ሞተ። ሰርቢያ ላይ ደግሞ በ1804 ቱርክ ላይ የተነሳው መሪ ካራጆርጄ ይባላል፣ ጥቁሩ ጊዮርጊስ።

እኔ የኳስ ሰው ነኝ፣ በኳስ አስረዳኝ።

በደስታ፣ እንደውም ጥያቄውን ስጠብቅ ነበር። የሊቨርፑል ደጋፊ ከሆናችሁ ቅዱስ ጊዮርጊስ ውለታ አለበት እላለሁ። በ2005 ኢስታንቡል ላይ በፔናልቲ ኤሲ ሚላንን ያቆመው በረኛ ዬዢ ዱዴክ ነው፣ ኮሜንታተሮቻችን ጀርዚ እያሉ ይጠሩት የነበረው፣ ፖላንዳዊ ጊዮርጊስ ነው። በ2019 ዋንጫውን የመለሰው አሰልጣኝ ዩርገን ክሎፕ ነው፣ ጀርመናዊ ጊዮርጊስ። በዛው ዓመት ባርሴሎናን 4 ለ 0 ባሸነፉበት ማታ ሁለት ያገባው ጆርጂኒዮ ዋይናልደም፣ እሱም ጊዮርጊስ። የመጀመሪያዋ ጎሉ የመጣችው እንዴት ነው? አሌክሳንደር አርኖልድ ከባርሴሎናው ግራ ተከላካይ ኳስ ነጥቆ ሲያሻማ፣ የተነጠቀው ማነው? ጆርዲ አልባ። ማለትም ጊዮርጊስ አሰልጥኖ፣ ጊዮርጊስ ተነጥቆ፣ ጊዮርጊስ አገባ። አርኖልድ ብቻ ነው ከዝርዝሩ የወጣው እሱም ቢሆን አሌክሳንደር የሚል የግሪክ ስም አለው።

ሌሎቹ በአጭሩ፣ ጆርጅ ዊሃ ግልጽ ነው፣ ኪየሊኒ ጆርጆ፣ ሮማንያዊው ሃጂ ጊዮርጌ፣ ጆርጂንሆ ማለት ትንሹ ዦርዥ፣ ጊዮርጊስዬ እንደማለት። ዩሪ ቲሌማንስም እዚሁ ነው፣ ዩሪ ለምን እንደሆነ ከታች አለ። የእንግሊዝ አሰልጣኝ የነበረው ስቬን ዮራን ኤሪክሰን "ዮራን" የሚለው ጊዮርጊስ ነው። ተጠንቀቁ ግን፣ የቴኒሱ ጎራን ኢቫኒሴቪች አይደለም፣ የሱ ጎራን በስላቭ "ጎራ" ከሚለው ነው፣ ተራራ ማለት። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል።

ስለ ጆርዲ ካነሳን የክሩይፍን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ዮሃን ክሩይፍ በ1974 ባርሴሎና እየተጫወተ ወንድ ልጅ ተወለደለት፣ ስሙን ጆርዲ አለው። ዘመኑ የፍራንኮ ነው፣ የካታላን ስም ማስመዝገብ አይፈቀድም፣ ሆርሄ በል አሉት። እሱ ግን ልጁ አምስተርዳም ስለተወለደ እዛ አስመዝግቦት ነበር፣ ወረቀቱን ይዞ እምቢ አለ፣ አሸነፈም። አንድ ስም፣ አንድ ቅዱስ፣ በሁለት ቋንቋ ስለተባለ ብቻ ፖለቲካ ሆነ፣ ይሄ ነገር ለኛ አገር ሰው ብዙ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

ዩሪም ጊዮርጊስ ነው?

ነው። ሩሲያ ውስጥ ስሙ ሦስት ሆኖ ነው የተበተነው፣ ጌኦርጊ፣ ዩሪ እና ዬጎር። ዛሬ እንደተለያየ ስም ነው የሚያዩዋቸው፣ ሥሩ ግን አንድ ነው። ማርሻል ዡኮቭ ጌኦርጊ፣ ጠፈር ላይ መጀመሪያ የወጣው ጋጋሪን ዩሪ። ሞስኮ በጽሑፍ መጀመሪያ የተጠቀሰችው በ1147 ከልዑል ዩሪ ዶልጎሩኪ ጋር ተያይዛ ነው፣ የከተማዋ ዓርማ ላይም ጊዮርጊስ ዘንዶ ሲወጋ አለ።

አረቦችና አርመኖችስ?

ግብፅ ጊርጊስ ነው፣ ካይሮ የሄደ ሰው ማር ጊርጊስ የሚባለውን የሜትሮ ጣቢያ ያውቀዋል፣ አሮጌው የኮፕቶች ሰፈር ጋ የሚያወርደው። ሊባኖስና ሶርያ ደግሞ ጂርጂስ፣ ጁርጁስ፣ ወይ በፈረንሳይኛው ዦርዥ ይላሉ። ቤሩት ሠርታችሁ የምታውቁ እህቶች የቅዱስ ጊዮርጊስ ወሽመጥ የሚባለውን ባሕር ዳርቻ ሳታልፉበት አልቀራችሁም፣ ዘንዶው የተገደለው እዛ ነው ይላሉ፣ እኛም ሥዕሉ ላይ ያለችውን ልጅ ብሩታዊት ስንል የቤሩቷ ማለታችን ነው።

አርመን ጌቮርግ ይላል፣ የምዕራቡ አርመን ሲጠራው ኬቮርክ ይሆናል። እና እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የኛ ቤት የሚገባው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው "አርባ ልጆች" የሚባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች ነበሩ አይደል፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፣ "ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ"ን ዜማ የሠራው እሱ ነው። መዝሙሩ የተሰማው በንግሥናው በዓል ላይ ነው፣ ንግሥናው ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም አራዳ ጊዮርጊስ። ጊዮርጊስ የሚባል አርመን የሠራው መዝሙር፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ በጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን። ሰው ፈጥሮ ቢጽፈው አበዛኸው እለው ነበር።

ህንድም አለ። ኬረላ ያሉት ጥንታዊ ክርስቲያኖች ቫርጊስ ወይም ጊቫርጊስ ይላሉ። በጃንሆይ ጊዜ የተማሩ ትልልቅ ሰዎች ከኬረላ የመጡ የሂሳብና የሳይንስ መምህራን ያስታውሳሉ፣ ከነሱ መሐል ሚስተር ቫርጊስ የሚባል ካጋጠማቸው ስሙ ከራሳቸው ከጊዮርጊስ ጋር አንድ ነው።

ጆርጂያ የምትባለው አገር በሱ ነው የተሰየመችው?

አሜሪካ ያለችው ስቴት አዎ፣ አትላንታ ያላችሁ በእንግሊዙ ንጉሥ በጆርጅ ሁለተኛ ነው አገራችሁ የተሰየመችው፣ የመመሥረቻ ፈቃዷ በ1732 ሲሰጥ። ካውካሰስ ያለችው አገር ግን አይደለችም። ራሳቸው አገራቸውን ሳካርትቬሎ ነው የሚሏት፣ ፈረንጅ ጆርጂያ የሚላት ብዙዎቹ አጥኚዎች እንደሚሉት ከፋርስኛ ስሟ ተያይዞ ነው፣ በኋላ ቅዱሱን በጣም ስለሚወዱ ሁለቱ ተቀላቀለ። ባንዲራቸው ላይ የጊዮርጊስ መስቀል አለ፣ የወንዶቻቸው ስምም ጊዮርጊ ሞልቷል፣ ስለዚህ ብትሳሳቱ አይፈረድባችሁም።

ግሪክኛው ደግሞ ይብሳል፣ አገሪቱ፣ የሴት ስሙ ጆርጂያ፣ እና እርሻ የሚለው ቃል ሦስቱም "ዬኦርዪያ" ናቸው፣ አጻጻፋቸውም አነባበባቸውም ያው።

ጎርጎርዮስና ጊዮርጊስ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ጎርጎርዮስ "ግሪጎሪዮስ" ነው፣ ንቁ፣ የሚተጋ ማለት። የጎርጎርዮስ ካላንደር ስንል የፖፕ ግሪጎሪ ነው እንጂ ከጊዮርጊስ ጋር ዝምድና የለውም።

እኛ ጋ ለምን ብቻውን ለሰው አይወጣም?

ወጥቶ ያውቃል፣ መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፉት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ አሉ። ግን ልማዱ እንደምታውቁት ሰውን በቅዱሱ ስም ቀጥታ መጥራት ሳይሆን ማስጠጋት ነው፣ ገብረ ጊዮርጊስ፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ (ሁለት ናቸው)፣ ፕሬዝዳንት ግርማ ወ/ጊዮርጊስ። ግሪኩ "ዮርጎስ ነኝ" ይላል፣ እኛ "የጊዮርጊስ አገልጋይ ነኝ" እንላለን፣ እኔ ይሄኛው ትሕትናው ደስ ይለኛል።

ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ፣ አውሮፓ ስሙን ሲቀበል መጨረሻዋን "ስ" ቆርጧታል፣ ጆርጅ፣ ዩሪ፣ ጆርዲ ብሎ። ግዕዝ ግን አልቆረጣትም። ጴጥሮስ፣ ማርቆስ፣ ቴዎድሮስ፣ እስጢፋኖስ ሁሉም የግሪክ ጅራታቸውን እንደያዙ ነው ያሉት። ግሪክ ወዳጄ የኛን ስሞች ሲሰማ "እነዚህ የቤተክርስቲያን መጽሐፍ ላይ ያሉ ስሞች ናቸው" ነበር ያለኝ።

ችግሩ ውጭ አገር ሲሄድ ነው። ወ/ጊዮርጊስ የምትለዋን ጭረት ማን ይረዳታል? አንድ መሥሪያ ቤት የዘመዴን የአባት ስም ለሁለት ከፍሎ "ገብረ" የመሐል ስም፣ "ጊዮርጊስ" የቤተሰብ ስም አድርጎበት አሁን ልጆቹ ሁሉ ጊዮርጊስ ተብለው ቀሩ፣ ገብረ የሚለው ወረቀት ላይ ጠፋ። በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዱ ጋ በአንድ "ጂ"፣ ኤርትራውያን ጋ ደግሞ በጣልያን አጻጻፍ "ጂ" እና "ኤች" ተደርጎ ስለሚገባ የአንድ አባት ልጆች በሁለት ዓይነት ስፔሊንግ ይገኛሉ። ምክሬ፣ ፓስፖርት ስታወጡ ሁለቱን ቃል አጋጥማችሁ አንድ አድርጋችሁ አጽፉት፣ ሁሉም የቤተሰብ ሰው ላይም አንድ ዓይነት ይሁን።

ክለቡና ቢራውስ?

ቢራው በ1915 ዓ.ም ነው የተጀመረው። ክለቡ ደግሞ በ1928 ዓ.ም አራዳ ተወለደ፣ ከመሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ናቸው የሚጠቀሱት፣ ማለትም ከሁለቱ አንዱ ራሱ ጊዮርጊስ ነበር። ሰፈሩን በስሙ ያስጠራው አፄ ምኒልክ ከዓድዋ በኋላ ያሠሩት ቤተክርስቲያን ነው፣ ዓድዋ የካቲት 23 መዋሉን መቼም አልነግራችሁም።

ለሴት ይሆናል?

ይሆናል። ግሪክ ዬኦርዪያ፣ ሲያቆላምጡ ጎጎ የሚሏትም አለች። እንግሊዝ ጆርጂና። እኛ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የክርስትና ስም ሆና ነው በብዛት የምትገኘው።

በዓሉ መቼ ነው፣ ምን ተብሎ ነው እንኳን አደረሰህ የሚባለው?

ሁሉም 23 ይላል ግን ቀኑ አንድ አይደለም። ግሪክና ካቶሊኩ በፈረንጅ ኤፕሪል 23፣ እኛና ኮፕቶች ሚያዝያ 23 ይህም ሜይ 1 ላይ ነው የሚውለው፣ ሰርቦችና ሩሲያዎች ደግሞ በድሮው ካላንደር ኤፕሪል 23 ሲሉ ሜይ 6 ይሆናል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ነው የሚነግሠው። ግሪኮች ደግሞ ኤፕሪል 23 ከፋሲካ በፊት ጾም ውስጥ ከወደቀ በዓሉን ወደ ፋሲካ ማግስት ሰኞ ያዞሩታል፣ ምክንያቱም ያለ ጠቦት ጊዮርጊስ የለም። አራኾቫ የሚባል ተራራማ ከተማ ውስጥ በዚህ በዓል ሽማግሌዎች ዳገት ላይ ይሮጣሉ፣ ቀልድ አይደለም፣ ውድድር ነው።

ግሪክ ውስጥ የስም ቀን ከልደት ቀን ይበልጣል፣ ሰው ደውሎ ይመጣል፣ ጋባዡም ባለስሙ ነው፣ ቢሮ ከሆነ ኬክ ይዞ የሚመጣው ራሱ ዮርጎስ ነው። የሚባለው "ክሮኒያ ፖላ" ነው፣ ብዙ ዓመት እንደማለት። እና አደራ፣ "ክሮኒያ ፖላ ዮርጎ!"፣ ያለ "ስ"።